በካሉብና በሂላላ ጋዝ ላይ የተሰማሩ ኩባንያዎች አጭር ታሪክ

ከመካነ ሰላም ደጋ በስተምሥራቅ፣ በወረኢሉ አካባቢ፣ የነዳጅ ዘይት ከመሬት ውስጥ ሲመነጭ መታየቱን የሥነ ምድር ሊቃውንት መዝግበዋል። ስለዚህ በአገሩ ሰው ዘንድ «ዘይት ካለ ለምን አይወጣም?» የሚል ጥያቄ ቢነሣ አያስገርምም። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ታሪክ በኦጋዴን እናገኛለን። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኢትዮጵያ ነዳጅ ዘይት ለመፈለግ ሰፊ ፈቃድ ያገኘው የአሜሪካው ሲንክሌር ኩባንያ ሲሆን፣ ውሉም በ1945 ተፈረመ። ኩባንያው ከዐሥር ዓመት በላይ ፈልጎ ለገበያ የሚሆን ነገር ሳያገኝ ሄደ። ቴኔኮ የተባለው ሌላ የአሜሪካ ኩባንያ ግን በ1970ዎቹ መጀመሪያ በካሉብና በሂላላ የተፈጥሮ ጋዝ አገኘ። ወዲያው አብዮቱ፣ በ1977ም የሶማልያ ጦርነት ደረሰና ሥራው ቆመ። በ1980ዎቹ የሶቪየት ኅብረት ባለሙያዎች በካሉብ ተጨማሪ ጒድጓዶች ቆፈሩ። ደርግ በ1991 ሲወድቅ የጋዙ መኖር የታወቀ፣ ገበያው ግን ያልተገኘ ሀብት ለተተኪው መንግሥት ተላለፈ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሁሉ በሌሎች እጅ የተቆፈረ ጒድጓድ ተረካቢዎች ናቸው። በ1990ዎቹ በዓለም ባንክ ብድር የታገዘ የካሉብ ጋዝ አክሲዮን ማኅበር ተቋቋመ፤ ሆኖም ጋዙ ለገበያ አልደረሰም። የማሌዢያው ፔትሮናስ በ2007 ገብቶ በ2010 ወጣ። በነዳጅ ሥራ ብዙም የማይታወቀው የሆንግ ኮንጉ ፔትሮትራንስ በ2011 ተዋዋለ፤ መንግሥትም በዓመቱ ውሉን ሰረዘበት። በ2013 የቻይናው ፖሊ ጂሲኤል ተተካ። በ2018 የሙከራ ድፍድፍ ዘይት ወጣ፤ በ2019 እስከ ጂቡቲ 767 ኪሎ ሜትር የሚሆን የቧንቧ መስመር ለመዘርጋት ስምምነት ተደረገ፤ በ2022 ግን የማዕድን ሚኒስቴር ውሉን አቋረጠ። በመጨረሻም በቻይናው ጎልደን ኮንኮርድ አማካይነት የተሠራው፣ ጋዙን አቀዝቅዞ ወደ ፈሳሽ የሚለውጠው ፋብሪካ የመጀመሪያ ክፍል በኦክቶበር 2025 ተመረቀ።

እንግዲህ ጋዙ ከተገኘ በኋላ ሃምሳ ዓመት ለምን አለፈ? አሮጌ ጒድጓድ የሚረከብ ኩባንያ ከአንድ ሥጋት ብቻ ይድናል፤ ይኸውም ምንም ሳያገኙ መቆፈር ነው። ሌሎቹ ሦስት ሥጋቶች ግን አብረውት ይቆያሉ። አንደኛው መንገድ ነው፤ ጋዝ እንደ ዘይት በበርሜል አይጫንም፤ ወይ ቧንቧ ወይ ማቀዝቀዣ ፋብሪካ ይሻል። ሁለተኛው ሰላም ነው። በኤፕሪል 2007 በኦጋዴን አቦሌ በሚገኝ የነዳጅ ፍለጋ ሰፈር ላይ በተጣለ አደጋ ዘጠኝ ቻይናውያንና ከስድሳ የማያንሱ ኢትዮጵያውያን ሞተዋል። ሦስተኛው ገንዘብ ነው። ትንሽ ኩባንያ የሚሠራው ከአበዳሪና ከባለአክሲዮን በሚያገኘው ገንዘብ ስለሆነ፣ ሥራው በዘገየ ቍጥር ዕዳው ይከብደዋል።

ይህ በኢትዮጵያ ብቻ የደረሰ አይደለም። በካዛክስታን፣ በሳውዝ አሊቤክ የዘይት ቦታ የተሰማራው ትራንስሜሪዲያን የተባለ ትንሽ የአሜሪካ ኩባንያ፣ ዘይት እያወጣም ቢሆን ዕዳው በዝቶበት በ2009 የኪሳራ ጥበቃ ለመጠየቅ ተገደደ።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ በእንዲህ ያለ ኩባንያ ገንዘቡን የሚያውል ሰው «ከመሬት በታች ምን አለ?» ከማለቱ አስቀድሞ «የመንገዱን ወጪ ማን ይከፍላል? ኩባንያው ያለ ገቢ ስንት ዓመት ይቆያል?» ብሎ መጠየቅ እንደሚገባው ነው። ፈቃድ ሰጪው መንግሥትም ይህንኑ መጠየቅ አለበት፤ ኩባንያው ሲወድቅ ባለአክሲዮኑ ገንዘቡን፣ አገሪቱ ደግሞ ዓመታቷን ታጣለችና። ስለ ወረኢሉ ዘይት የሚያጠኑ ተማሪዎችም ከድንጋዩ ጥናት ጋር የመንገዱንና የገበያውን ሒሳብ ጎን ለጎን ቢያቀርቡ፣ ለወሎ ሕዝብ ጥያቄ የተሟላ መልስ ለመስጠት ይችላሉ።