በመርፌ የተጻፈ አቤቱታ

ጥልፍ ያልገባበት የከተማ ቤት ጥቂት ነው። በሶፋው መደገፊያ ላይ አበባ፣ በትራሱ ልብስ ላይ ሁለት ወፎች፣ በጠረጴዛው ጨርቅ ዳርና ዳር ደግሞ ሐረግ ይታያል። እንግዳ «እጇ ይባረክ» ብሎ ያልፋል እንጂ፣ ያቺ ባለእጅ አንገቷን ደፍታ መርፌዋን ስታስገባና ስታወጣ ምን ታስብ እንደነበር የሚጠይቅ የለም። ታሪክ ጸሐፊዎችም ለረጅም ዘመን አልጠየቁም። ጦርነቱንና ውሉን ብዕር መዝግቦታል፤ መርፌ የመዘገበው ግን ተጣጥፎ ሳጥን ውስጥ ቀርቷል።

ከሳጥን ወጥቶ አንባቢ ካገኘው አንዱን እናንሣ። ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ፣ ከተልባ እግር በተሠራ ጨርቅ ላይ በቀይ ሐር የተጠለፈ አንድ ሥራ አለ። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1830 አካባቢ ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አበባ የለበትም፤ ወፍም ሐረግም የለበትም። ከላይ እስከ ታች 46 መስመር ፊደል ብቻ ነው። ጠላፊዋ ኤልዛቤት ፓርከር የምትባል የእንግሊዝ ገጠር ልጅ ስትሆን፣ የጻፈችውም የራሷን ሕይወት ነው።

ለመሆኑ አንዲት የቤት ሠራተኛ ወረቀትና ቀለም ትታ ለምን በመርፌ ትጽፋለች? ይህን ለመረዳት ስለ ጥልፉ ዓይነትና ጥልፍ ለሴት ልጅ ይሰጥ ስለነበረበት ምክንያት ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል።

ፈረንጆች ክሮስ ስቲች የሚሉት መስቀለኛ ጥልፍ፣ በአሠራሩ ከሁሉም የቀለለ ነው። የሚፈልገው ድርና ማጉ የሚቆጠር ጨርቅ፣ አንድ መርፌና ክር ነው። ክሩ ከግራ ታች ወደ ቀኝ ላይ ጋደል ብሎ ይሄዳል፤ ሁለተኛው በላዩ ተሻግሮ መስቀል ይሠራል። እያንዳንዷ መስቀል አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን ትሞላለች። የባለሙያ ሕጉም አጭር ነው። ከላይ የሚያርፈው ክር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወደ አንድ አቅጣጫ መጋደም አለበት፤ ካልሆነ ብርሃን ሲያርፍበት ሥራው ዝንጉርጉር ይመስላል። ክር በቋጠሮ አይጀመርም፤ ጫፉ ከጀርባ በስፌቱ ሥር ይደበቃል። ሥዕሉ መሐል ላይ እንዲውል ከጨርቁ መካከል ይጀመራል። ነገሩ ሁሉ በአራት ማዕዘን የሚቆጠር በመሆኑም፣ በሒሳብ ደብተር ላይ ሊሳል የሚችል ማንኛውም ነገር በጨርቅ ላይ ሊጠለፍ ይችላል። ፊደልም እንዲሁ።

እንግሊዞች የመለማመጃውን ጨርቅ ሳምፕለር ይሉታል። ቃሉ «ምሳሌ» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ እንደምንለው፣ ለእነሱም ጥልፍ በምሳሌ ነበር። የታተመ የጥልፍ መጽሐፍ በሌለበት ዘመን አንዲት ሴት ያየችውን ጌጥ እንዳትረሳው በቁራጭ ጨርቅ ላይ ጠልፋ ታስቀምጣለች፤ ሲያስፈልጋት ገልጣ ታያለች። ከማምሉኮች ዘመን ግብፅ የተገኙ እንዲህ ያሉ ቁራጮች ዛሬም በሙዚየሞች አሉ። የታተሙ የጥልፍ ንድፎች በጀርመን አገር በአውግስበርግ ከተማ የወጡት በ1520ዎቹ ነው። ዓመተ ምሕረት ከተጻፈባቸው የእንግሊዝ ሳምፕለሮች ቀደምቱ ደግሞ ጄን ቦስቶክ በ1598 የሠራችው ነው። በላዩ ላይ የራሷን ስምና የአሊስ ሊ የተባለችን ሕፃን የልደት ቀን ጠልፋበታለች።

በኋላ ግን የጨርቁ ተግባር ተለወጠ። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን ሳምፕለር የባለሙያ ማስታወሻ መሆኑ ቀርቶ የልጃገረዶች የትምህርት ቤት ፈተና ሆነ። ሕፃናቱ ፊደል፣ ቁጥርና ስለ ታዛዥነት የሚናገር ግጥም ይጠልፋሉ፤ ከታች ስማቸውንና ዕድሜያቸውን ያኖራሉ። የሀብታም ልጅ ጨርቅ በመስተዋት ተከድኖ ሳሎን ይሰቀላል። የድሃ ልጅ ጨርቅ ግን የሥራ ማስረጃ ነበር። በዚያን ዘመን በትልልቅ ቤቶች አንሶላው፣ ፎጣውና የገበታ ልብሱ እንዳይጠፋና እንዳይቀያየር፣ በእያንዳንዱ ላይ የባለቤቱ ስም መነሻ ፊደልና ቁጥር በመስቀለኛ ጥልፍ ይጻፋል። አጠባ የማይለቀው ቀይ ክር ለዚህ ተመራጭ ነበር። ስለዚህ ቀይ ፊደል ማስተካከል የምትችል ልጅ ለገረድነት ትፈለጋለች። በብሪስቶል ከተማ በጆርጅ ሙለር የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ የነበሩ ልጃገረዶች የሠሯቸው፣ በቀይ ክር በተደረደሩ ጥቃቅን ፊደሎች የተሞሉ ጨርቆች ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ይፈለጋሉ። ያኔ ግን ጌጥ ሳይሆኑ እንጀራ ነበሩ።

ከዚህ ጋር መታወስ ያለበት ሌላ ነገር አለ። ብዙዎቹ የበጎ አድራጎት ትምህርት ቤቶች ለድሃ ሴት ልጅ የሚያስተምሯት ማንበብና መስፋት ነው። ማንበብ ቅዱሱን መጽሐፍ እንድትረዳ፣ መስፋት ጌቶቿን እንድታገለግል ነው። መጻፍ ግን ለእርሷ ምን ያደርግላታል ተብሎ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። እንግዲህ ፊደልን በዓይኗ የምታውቅ፣ በመርፌ የምትሠራ፣ በብዕር ግን የማትጽፍ ትውልድ ተፈጠረች።

ኤልዛቤት ፓርከር ከዚያ ትውልድ አንዷ ናት። በ1813 በደቡብ እንግሊዝ፣ በሰሴክስ አውራጃ፣ አሽበርንሃም በተባለ መንደር ተወለደች። አባቷ የአካባቢው መስፍን የቀን ሠራተኛ ነበር፤ እናቷ ደግሞ በመስፍኑ ባለቤት ችሮታ የሚተዳደረውን የድሆች ትምህርት ቤት ትይዝ ነበር። ኤልዛቤት ከ11 ልጆች አንዷ ነበረች። 13 ዓመት ሲሆናት ከቤት ወጥታ በሰው ቤት ተቀጠረች። የመጀመሪያዎቹ አሠሪዎቿ ደግ ነበሩ። እነርሱን ትታ የገባችበት ቤት ጌታ ግን የመኮንንነት ማዕረግ ያለው ሰው ሲሆን፣ ክፉ ሐሳቡን ስላልተቀበለችው ከደረጃ ላይ እንደተወረወረች በጥልፏ ትናገራለች። የሰውየውን ሙሉ ስም አልጻፈችም፤ ማዕረጉንና አንዲት ፊደል ብቻ አኖረች።

ከዚያ በኋላ ያለው የጨርቁ ክፍል ለማንበብ ይከብዳል። ነፍሷን ለማጥፋት ትፈተን እንደነበር፣ ሐሳቡም አልለቅ እንዳላት፣ ጭንቀቷን ለአንድ ሐኪም ገልጣ እርሱም በርኅራኄ እንደመከራት ትዘረዝራለች። ጥፋቱን ከአሠሪዋ ይልቅ በራሷ ላይ ትጭናለች፤ ወላጆቿን ባለመስማቷ የመጣባት ቅጣት አድርጋ ታየዋለች። ፈጣሪዋን ትለምናለች። ሲጀምር ደግሞ መጻፍ ስለማትችል እንዲህ እንዳደረገችው፣ የምትናገረውም ለምታምነው ወዳጅ የልቧን እንደምትገልጥ ሆና መሆኑን ትናገራለች። መጻፍ አልችልም ያለችው በፊደል ነው!

ነገሩን ልብ ብለን እንመልከተው። ይህች ልጅ የእርሷ ላልሆነ አንሶላ የሌላ ሰው ስም እንድትጠልፍ የሠለጠነችበት ያው ጥልፍ ነው፣ ያው ቀይ ቀለም ነው። ሙያው ባይለወጥም ባለቤቱ ተለወጠ፤ የጌታን ንብረት ምልክት ማድረጊያ የነበረው እጅ፣ ጌታ ያደረገውን በደል ምልክት አደረገበት። ደግሞም በመርፌ የተጻፈ ቃል በንዴት ፈጥኖ የሚወጣ ቃል አይደለም። አንዲት ፊደል ለመሥራት ብዙ መስቀል ያስፈልጋል፤ እያንዳንዷ መስቀል መርፌው በጨርቁ ሁለት ጊዜ እንዲወርድና እንዲወጣ ትጠይቃለች። «ከደረጃ ተወረወርሁ» የሚለውን ነገር ክር ቆጥራ ስትሠራ ስንት ሰዓት ከዚያች ደረጃ ጋር እንደተቀመጠች መገመት አያዳግትም።

በዚያው ዘመን መስቀለኛ ጥልፍ በባለጸጎቹ ቤት ሌላ መልክ ይዞ ነበር። በ1804 በበርሊን አንድ አታሚ በካሬ ወረቀት ላይ ቀለም የተቀባ ንድፍ አወጣ፤ የአውሮፓ እመቤቶችም አበባና ውሻ፣ ዝነኛ ሥዕሎችን ሳይቀር፣ ከወረቀቱ እየቆጠሩ በሱፍ ክር ይገለብጡ ጀመር። በ1840 የወጣው ንድፍ 14,000 ያህል ደርሶ ነበር ይባላል። በ1886 ደግሞ ቴሬዝ ዴ ዲልሞን የተባለችው የኦስትሪያ ተወላጅ ታላቁን የጥልፍ መድበሏን አሳተመች፤ መጽሐፉም በብዙ ቋንቋዎች ተተረጎመ። ጥልፍ በዚህ መንገድ ለሚሊዮኖች ደረሰ፤ የሚገለበጠው ግን የሌላ ሰው አሳብ ነበር።

ያም ሆኖ መርፌ አንድ የተሰወረ ጉልበት አላት፤ ማንም አይፈራትም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቀርጤስ የተማረከው እንግሊዛዊው ሻለቃ አሌክሲስ ካዝዳግሊ፣ በ1941 በጀርመን የምርኮ ካምፕ ሳለ አንድ ሳምፕለር ጠለፈ። ዳር ዳሩን የከበቡት ነጥብና ሰረዞች ጌጥ ይምሰሉ እንጂ፣ በሞርስ የተጻፈ የንጉሡ ምርቃትና የሂትለር ስድብ ነበሩ። ጠባቂዎቹ አላወቁም፤ ጭራሽ ሥራው በካምፖቹ ውስጥ ለእይታ ቀረበ። በ1987 በተቀሰቀሰው የፍልስጤማውያን አመፅ ጊዜም፣ ባንዲራ ማውለብለብ ተከልክሎ ሳለ፣ ሴቶች የባንዲራውን ቀለም በቀሚሳቸው ላይ በመስቀለኛ ጥልፍ ሠርተው ለበሱት።

በአማርኛችን «ጠለፈ» የሚለው ግስ ጌጥ መሥራትንም፣ ሴትን በኃይል መውሰድንም ይናገራል። ሁለቱን በአንድ ቃል ያገናኘው ቋንቋ ምን አስቦ እንደሆነ ለሊቃውንቱ እንተወው። የኤልዛቤት ፓርከር ጨርቅ ግን ሁለቱን በአንድ እጅ ላይ አገናኝቷቸዋል።

እንግዲህ ጥልፍ የምትወዱ ሁሉ፣ ከሌላ የተገለበጠውን አበባ ስትጨርሱ በጥጉ ላይ ስማችሁንና ዓመቱን አኑሩ። ፊደላችን ጥምዝ ቢበዛውም በካሬ ደብተር ላይ ቀድሞ ከተሳለ ለመርፌ ይታዘዛል። የእናቶቻችሁንም ሥራ ሳትጥሉ፣ ባለእጇ በሕይወት ካለች ማን እንደሆነችና መቼ እንደሠራችው ጠይቃችሁ ከጀርባው ጻፉ። ስም የሌለው ጨርቅ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ጨርቅ ብቻ ነው።

የኤልዛቤት ጥልፍ አያልቅም። የነፍሷ መጨረሻ ምን እንደሚሆን እየጠየቀች ሳለ ዓረፍተ ነገሩ ተቋርጦ ባዶ ጨርቅ ይቀራል። ያን ባዶ ቦታ ያየ ሰው ክፉውን ይገምታል። ሆኖም ኤልዛቤት አልሞተችም። በአሽበርንሃም ኖረች፤ እንደ እናቷ የመንደሯን ልጆች አስተማረች፤ ያረፈችውም በ1889፣ በ76 ዓመቷ ነው።