የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ወደ ሀዲያና ከምባታ የመጣበት መንገድ

ከሀዲያ ገዢ ቤት ተወልደው በጋብቻ ወደ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ቤተ መንግሥት የገቡት፣ በግዕዝ መጻሕፍት ዕውቀታቸው የተመሰገኑትና በ16ኛው መቶ ዓመት መባቻ ለፖርቱጋል ንጉሥ የወዳጅነት ደብዳቤ በማቴዎስ እጅ የላኩት እቴጌ እሌኒ፣ የሀዲያ ተወላጅ ከእናቱ ቋንቋ ወጥቶ በሌላ ሰዋስው ማሰብና መጻፍ የጀመረው በእኛ ዘመን እንዳልሆነ የታመኑ ምስክር ናቸው። እኔ ግን የማወሳው የነገሥታትን መልእክት ሳይሆን አንዲት ትንሽ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ተውላጠ ስም የሚቀድማት፣ አስተሳሳሪ ግሥ ከመካከል የሚቆምባት፣ በቅጽል የተሸለመ ስም የሚዘጋት፣ «ሺ ኢዝ ኤ ጉድ ቲቸር» እንደሚባለው ያለች። በሆሳዕና ይሁን በዱራሜ፣ በሾኔ ይሁን በአንጋጫ ወይም በሺንሺቾ፣ ይህችን ወይም እኅቷን ሳይጽፍ ወደ እንግሊዝኛ የገባ ተማሪ ያለ አይመስለኝም።

ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው ሥፍራ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ራስ አባተ ቧያለው ከምባታን ሲገዙ ከተማ ሆና በበዓለ ሆሳዕና ስም ስትሰየም፣ ከቤተ ክርስቲያን ጋር የመጣው ትምህርት የፊደልና የዳዊት ትምህርት ነበር። ከዚያ አልፎ ወደ ቅኔ ቤት የዘለቀ ደቀ መዝሙር «ውእቱ» አንድ ጊዜ ተውላጠ ስም፣ አንድ ጊዜ ነባር አንቀጽ ሆኖ ባለቤቱን ከተሳቢው ስም ጋር እንደሚያስር፣ ቦታውም በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ብቻ እንዳልተወሰነ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ይማራል። ስለዚህ የእንግሊዝኛው አሠራር በአገራችን ሊቃውንት ዘንድ ፍጹም እንግዳ አልነበረም። የሚያሳዝነው ግን ይህ የአገባብ ዕውቀት በኋላ እንግሊዝኛ ሲሰጥ እንደ ድልድይ ሆኖ አለማገልገሉና የቅኔ ቤቱና የዘመናዊው ትምህርት ቤት መምህራን ሳይመካከሩ መቅረታቸው ነው።

በ1920 ዓ.ም. በሐኪሙ ቶማስ ላምቢ መሪነት ወደ ጅማ ለመሄድ የተነሡት የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሲዮን ሰዎች በወላይታ፣ በሲዳማና በሆሳዕና አካባቢ ሰፈሩ፤ በከምባታም በዋሰራ የካቶሊክ ሚሲዮን ተተከለ። በዚያን ጊዜ በመዲናይቱ የተማረ ሰው ይኮራበት የነበረው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሲሆን፣ እንግሊዝኛ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትና በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ቢሰጥም ገና የበላይነት አላገኘም ነበር። ፋሺስት ከተባረረበት ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ግን የእንግሊዝ ወታደሮችና አማካሪዎች በአገሪቱ ስለ ነበሩ እንግሊዝኛ የከፍተኛው ትምህርት ቋንቋ ሆነ። በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች የወጣው ድንጋጌ ደግሞ የማስተማሪያው ቋንቋ በመላው ኢትዮጵያ አማርኛ እንዲሆንና ሚሲዮናውያኑም እንዲማሩት አዘዘ። ሆሳዕና በሸዋ ጠቅላይ ግዛት የከምባታና ሀዲያ አውራጃ ዋና ከተማ ሆና ትምህርት ቤቶቿ ሲስፋፉ፣ በቤቱ ሀዲይሳ ወይም ከምባቲሳ እየሰማ ያደገው ሕፃን እንግሊዝኛን የተቀበለው፣ ገና በሚማረው በአማርኛ አማካይነት ነበር።

የማስተማሪያው ስልት የተወጠነው እጅግ ሩቅ በሆነ ሥፍራ ነው። የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህሩ ሃሮልድ ፓልመር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1922 እስከ 1936 በቶኪዮ ሳለ፣ የሥራ ባልደረባውም አልበርት ሆርንቢ በዚያው በጃፓን ሲያስተምር፣ ዐረፍተ ነገርን በዐምድ ከፍሎ የአንዱን ዐምድ ቃል በሌላ ቃል እየለወጡ የማስለመድን መንገድ አዳበሩ፤ ሆርንቢም በ1954 የዐረፍተ ነገር አሠራሮችን በየዓይነታቸው የደረደረበትን መጽሐፍ አሳተመ። ይህ መንገድ በመማሪያ መጻሕፍትና በመምህራን እጅ እኛም ዘንድ ደረሰ። ጥቁር ሰሌዳው በሦስት ይከፈላል፤ በመጀመሪያው ዐምድ «አይ»፣ «ዩ»፣ «ሂ»፣ «ሺ»፣ «ዊ»፤ በሁለተኛው «አም»፣ «ኢዝ»፣ «አር»፤ በሦስተኛው ስሙ ከነቅጽሉ ይጻፋል፤ ተማሪዎችም ድምፃቸውን አስተባብረው ይደግሙታል። ዳዊት በቃል ሲደገም በኖረበት አገር ይህ ዓይነቱ ንባብ ለመቀበል የሚያስቸግር አልነበረም።

ችግሩ ከአሠራሩ ላይ ነው። ሀዲይሳም ከምባቲሳም ማሠሪያቸውን የሚያኖሩት መጨረሻ ላይ ነው፤ ባለቤቱ ከግሡ ስለሚታወቅ ተውላጠ ስሙ ሳይጠራ ሊቀር ይችላል። ከምባቲሳማ አስተሳሳሪውን ብቻውን እንዲቆም ሳይተው በተሳቢው ስም መጨረሻ ላይ ይቀጥለዋል፤ መልኩንም እንደ ጾታው ይለውጠዋል። አማርኛም «ነው»ን ከመጨረሻ ያኖራል፤ ይህ ጠባዩ ሀዲይሳና ከምባቲሳ ከሚመደቡባቸው ከኩሽ ቋንቋዎች ጋር አብሮ በመኖር የተገኘ መሆኑን እንደ ቮልፍ ሌስላው ያሉ የቋንቋ ሊቃውንት ጽፈዋል። የሀዲያው ልጅ እንግዲህ ወደ አማርኛ ሲመጣ፣ በቃሉ ባይሆን በቃላቱ አሰላለፍ፣ ወደ ዘመድ ቤት መምጣቱ ነበር፤ አሰላለፉ የሚናጋበት እንግሊዝኛ ዘንድ ሲደርስ ነው። «ማይ ፋዘር ፋርመር ኢዝ» ብሎ የጻፈ ተማሪ በቀይ ቀለም ሲሰረዝበት፣ ስንፍና ያሳየ ሳይሆን የአባቶቹን ሰዋስው በታማኝነት የጠበቀ መሆኑን መምህሩ አላስተዋለም፤ ከሌላ አውራጃ የመጣ ከሆነማ የተማሪውን ቋንቋ ስለማያውቅ ሊያስተውል አይችልም ነበር። ተባዕትና አንስት ብቻ ለሚያውቅ ልጅ «ኢት» የተባለው ሦስተኛ ተውላጠ ስም፣ ታላቁን በአክብሮት ተውላጠ ስም መጥራት ለለመደም ልጅ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም እኩል የሚጠራው «ዩ»፣ አንዱ ከሰዋስዉ፣ ሌላው ከሥነ ምግባሩ ጋር የሚጋጩ ይመስሉት ነበር። ቅጽሉ ብቻ እንደ ቤቱ ከስሙ ስለሚቀድም አላስቸገረውም፤ ከፊቱ «ኤ» ወይም «ዘ» ማኖርን ግን ብዙዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተውም አላጠሩትም።

በ1956 ዓ.ም. አማርኛ እስከ 6ኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ ሲሆን እንግሊዝኛ በማስተማሪያነት ከ7ኛ ክፍል እንዲጀምር ተደረገ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሀዲይሳንና ከምባቲሳን ከ15ቱ የማስተማሪያ ቋንቋዎች መካከል አድርጎ በግዕዝ ፊደል አስተማረባቸው፤ የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ደግሞ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛም ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲገባ አደረገ፤ ሁለቱም ቋንቋዎች በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመሩ። ታላቅ ፍትሕ ነበር፤ ነገር ግን በደቡብ ክልል ልጁ በቋንቋው የተማረው 4 ዓመት ብቻ ሲሆን፣ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ስለ ሆነበት፣ ቀደም ሲል በአማርኛ በኩል ቀስ ብሎ ይወጣው የነበረውን ዳገት በአንድ ጊዜ እንዲዘለው ተገደደ።

ከ1990ዎቹ ወዲህ ብዙ የሀዲያና የከምባታ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሰደዱ፣ ስማቸውንና ሥራቸውን ለባዕድ የሚናገሩት በዚያችው በትንሿ ዐረፍተ ነገር ነው። በሆሳዕና መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ከሚሠለጥኑት መካከል ሀዲይሳ ወይም ከምባቲሳ አፋቸውን የፈቱበት ብዙዎች ስለሆኑ፣ የቀደሙት መምህራን ያልነበራቸው ዕውቀት በእጃቸው ነው፤ ከሦስቱ ዐምዶች በላይ የልጁን የራሱን ዐረፍተ ነገር ጽፈው፣ ማሠሪያው ከመጨረሻ ተነሥቶ ወደ መካከል የሚሄድበትን ጎዳና በጣታቸው ሊያሳዩት ይችላሉ።