ከወልዲያ ብዙ ያልራቀው ዘር

ከመስቀት ጀርባ፣ ተራሮች በከበቧት አል አመራት፣ በሰው ቤት የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ስለ አመጣጣቸው ሲጨዋወቱ የሕክምና ምርመራው ሳይነሳ አይቀርም። ደም ይቀዳል፤ ከዚያ ደረትን ከቀዝቃዛው ሰሌዳ አስጠግቶ «ትንፋሽ ያዢ!» የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሳንባ ነቀርሳን በራጅ ይፈልጋሉ። የቆየ ጠባሳ እንኳ ቢታይ ጉዞው ሊቀር ይችላል።

ራጁ ግን የሚያየው ደረትን ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከቲቢ ሕሙማን ሲሶ ያህሉ የሚታመሙት ከሳንባ ውጭ ነው፤ በተለይ አንገት ላይ። ሰው ንፍፊት የሚለው እብጠት ማለት ነው። ለብዙ ዘመን ጥርጣሬው ያልተፈላ ወተት ላይ ነበር። ከብቶቻችንም ነቀርሳ ስላለባቸው ነገሩ ያሳምናል።

በአዲስ አበባ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተመራማሪዎችና የውጭ ባልደረቦቻቸው ይህን ሊያጣሩ ተነሱ። ከጎንደር፣ ከወልዲያ፣ ከፍቼ፣ ከቡታጅራና ከሌሎችም ቦታዎች የተሰበሰቡ 964 ናሙናዎችን መረመሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲታተም ላሟ ነጻ ወጣች ማለት ይቻላል፤ የከብቱ ባክቴሪያ ድርሻ እጅግ ትንሽ ነበር። ንፍፊቱንም ሳሉንም የሚያመጣው ያው የሰው ባክቴሪያ ሆኖ ተገኘ።

ያልታሰበው ግኝት ሌላ ነበር። የዓለም ሊቃውንት ባክቴሪያውን እስከዚያ በስድስት ዋና ዋና ዘሮች ከፍለው፣ ለየዘሩ የሚበዛበትን አካባቢ በካርታ አመልክተው ነበር፤ ሁለተኛው የምሥራቅ እስያ፣ አምስተኛውና ስድስተኛው የምዕራብ አፍሪካ። ከኢትዮጵያ የመጡት አንዳንድ ናሙናዎች፣ በተለይ የወልዲያዎቹ፣ ከስድስቱ አንዱንም አልመሰሉም። ሰባተኛ ዘር ተባለ። ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ2012፣ ጅቡቲ ውስጥም ይኸው ዘር ተለይቶ ነበር። በኋላ አንዳንዶች በላቲን «ኤቲዮፕስ ቬቱስ» አሉት፤ ጥንታዊው ኢትዮጵያዊ እንደማለት። ስሙ ለንጉሥ እንጂ ለበሽታ አይመስልም።

እንቆቅልሹ እዚህ ላይ ነው። የወሎ ሰው ያልረገጠው አገር የለም። ወደ ጅቡቲ የሚወርደውን መንገድ ነጋዴውም ስደተኛውም ያውቀዋል፤ ከዚያ ባሕሩን ተሻግሮ አረብ አገር የገባው ስንቱ ነው! ዘሩ ግን ከአፍሪካ ቀንድ ብዙ አልራቀም። በአማራ ክልል የተደረገና በ2015 የታተመ ጥናት አንድ ፍንጭ ይሰጣል፤ ይህ ዘር ያለባቸው ሕሙማን ወደ ጤና ተቋም የሚሄዱት ከሌሎቹ ዘግይተው ነው። በሽታው ቀስ እያለ ስለሚብስ ይሆናል። «ብርድ ነው» ብሎ ዳማከሴ መጠጣት፣ ጠበል መግባት፣ ከዚያ ሐኪም ቤት፤ ይህን ቅደም ተከተል የማያውቅ ቤተሰብ አለ?

ሐኪም ቤት የሚጽፈው መዝገብ የመጣውን ሰው ብቻ ይቆጥራል። ስለዚህ በ2010 እና 2011 የመጀመሪያው አገር አቀፍ የቲቢ ቅኝት ሲደረግ ሕዝቡ ካለበት ተሄደ። ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 46,697 ሰዎች ተሳተፉ፤ ራጅ ተነሡ፣ ሳል ያለበት ወይም ራጁ ያጠራጠረ ሰው አክታ ሰጠ። አክታቸው ላይ ባክቴሪያው በማይክሮስኮፕ የሚታይ ከ100,000 አዋቂዎች 108 ያህል ሆኑ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከገመተው ያነሰ ነበር።

ያም ቅኝት ቢሆን ያጠመደው ሳንባን ነው። አንገቷ ላይ ንፍፊት ያለባት ልጅ ራጇ ንጹሕ ሆኖ ልታልፍ ትችላለች። የንፍፊት ቲቢ ሳንባን ካልነካ በትንፋሽ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም፤ እሷ ግን በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ የስድስት ወር መድኃኒት ያስፈልጋታል።