ከሲሶ እስከ ሙሻረካ፦ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሙስሊም የመሬትና የቤት ጉዳይ



«ሰማይ አምድ የለውም፤ እስላም አገር የለውም» የሚለውን አባባል አያቶቻችን በጆሯቸው ሰምተውታል። ብዙዎቻችን እንደ ስድብ ብቻ እንቆጥረዋለን። ነገር ግን አባባሉ በዘመኑ የነበረውን የመሬት ሥርዓት በአጭሩ የሚገልጽ ነበር።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ እንደ ሌላው የጎንደር ገጠር ሁሉ፣ መሬት የሚገኘው በርስት ነበር። ርስት ማለት ከቀደመው አቅኚ አባት መወለድን ቆጥሮ ድርሻን መጠየቅ ነው። ሙስሊሙ እዚያው ተወልዶ እዚያው ቢቀበርም በአብዛኛው ከዚህ ቆጠራ ውጭ ነበር። ነገሩ ሥር የሰደደ ነው። በ1660 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጎንደር ላይ የተቀመጠው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። የጎንደሩ አዲስ ዓለም ሰፈር ከዚህ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በ1870 ደግሞ ከጋይንት በስተምሥራቅ ባለው ወሎ፣ ቦሩ ሜዳ ላይ፣ በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን ሙስሊሙ እንዲጠመቅ ታዘዘ።

መሬት የተነፈገው ሙስሊም ወደ ሽመናና ወደ ንግድ ዞረ። ማረስ የፈለገው ደግሞ የሰው መሬት በእኩል፣ በሲሶ ወይም በእርቦ ያርስ ነበር። እኩል ግማሽ፣ ሲሶ አንድ ሦስተኛ፣ እርቦ አንድ አራተኛ ነው። ዘሩንና በሬውን ማን አቀረበ በሚለው ስምምነቱ ይለያያል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። በድርሻ ማረስ በራሱ ነውር አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የኸይበርን መሬት ነዋሪዎቹ እንዲያለሙትና ምርቱን በእኩል እንዲካፈሉ ሰጥተዋቸዋል። የአያቶቻችን ችግር ድርሻው መከፈሉ ሳይሆን መንገዱ መዘጋቱ ነበር። አባት ሲሶ ከፈለ፣ ልጅ ሲሶ ከፈለ፣ የልጅ ልጅም ሲሶ ከፈለ። መሬቱ ግን አንድ ጥማድ እንኳ ወደ አራሹ አልቀረበም።

ይህን ለመለወጥ ሙስሊሙ ዝም ብሎ አልጠበቀም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ በተደረገው ታላቅ ሰልፍ ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱ የመሬት ባለቤትነት መብት ነበር። ሌላው «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባሉ ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል የሚል ነበር። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ናቸው፤ መሬት የሌለው ሰው እንግዳ ተብሎ ይቀራልና። በዓመቱ፣ የካቲት 25 ቀን 1967፣ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። ጭሰኛው ከግዴታው ነጻ ወጣ፤ አራሹም ሃይማኖቱ ሳይጠየቅ በሚያርሰው መሬት የመጠቀም መብት አገኘ። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተሰጠው የመሬት ደብተር ይህንኑ መብት በባልና በሚስት ስም በጽሑፍ አሰፈረው።

ዛሬ ግን የዚያ አራሽ ልጅ ያለው ደብረ ታቦር፣ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ነው። ጥያቄውም ከእርሻ ወደ ቤት ተዛውሯል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አድርጎ ኪራይ ቀንሶ ነበር። በኋላ የመጣው የኮንዶሚኒየም መርሃ ግብር ደግሞ ቁጠባን ከባንክ ብድር ጋር አጣመረ። በ20/80 ቤት ፈላጊው 20 በመቶውን ቆጥቦ 80 በመቶውን በወለድ ይበደራል። አላህ ንግድን ፈቅዶ ሪባን እርም ማድረጉን (አል-በቀራህ 275) የሚያውቅ ሙስሊም ከሁለት አንዱን እንዲመርጥ ተገደደ፦ ወይ ዕድሜ ልክ ተከራይ መሆን፣ ወይ ዲኑን የሚነካ ውል መፈረም።

ሦስተኛው መንገድ ዘግይቶ ተከፈተ። ብሔራዊ ባንክ በ2004 ባንኮች ከወለድ ነጻ አገልግሎት በመስኮት እንዲሰጡ መመሪያ አወጣ። በ2011 ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆኑ ባንኮች እንዲቋቋሙ ተፈቀደ፤ በ2013 ዘምዘም ባንክ ሥራ ጀመረ፤ ሂጅራም ተከተለ። እነዚህ ባንኮች በብዛት የሚሠሩት በሙራበሓ ነው፤ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን አሳውቆ መልሶ ይሸጣል። ለቤት ግን ከአያቶቻችን ታሪክ ጋር ይበልጥ የሚነጋገረው ሙሻረካ ሙተናቂሳ፣ ማለትም እየቀነሰ የሚሄድ ሽርክና ነው።

በምሳሌ እንየው። ቤቱ 2,000,000 ብር ነው እንበል። እርስዎ 500,000፣ ባንኩ 1,500,000 አወጣ። ሩቡ የእርስዎ፣ ሦስት አራተኛው የባንኩ ሆነ። የቤቱ ኪራይ በወር 12,000 ቢሆን እርስዎ የሚከፍሉት የባንኩን ድርሻ 9,000 ብቻ ነው። ከዚያ የባንኩን ድርሻ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ይገዛሉ። ድርሻዎ ግማሽ ሲደርስ ኪራዩ ወደ 6,000 ይወርዳል፤ መጨረሻ ላይ ቤቱ የእርስዎ ይሆናል። ሲሶ የማይቀንስ ድርሻ ነበር፤ ይህ ግን እየቀነሰ የሚያልቅ ነው።

በእንግሊዝ አገር ከፊሉን ገዝቶ ከፊሉን መከራየት ለማንኛውም ዜጋ የታወቀ አሠራር ነው። በሽርክና ቤት ለሚገዙ ሙስሊሞች ግን ሌላ እንቅፋት ነበረ። ቤቱ ከሻጭ ወደ ባንክ፣ ከባንክ ወደ ደንበኛ ሲዛወር ግብር ሁለት ጊዜ ይከፈል ነበር። ይህ እ.ኤ.አ. በ2005 በሕግ ተነሳ። እኛም ልናስብበት የሚገባ ነው፤ ሕጉ ካልተመቻቸ ሐላሉ መንገድ ከሐራሙ ይወደዳል።

ይሁንና «ሙሻረካ» የሚል ስም ብቻውን አይበቃም። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2004 ሙስካት ላይ ውሉን ሲፈቅድ ከባድ መስፈርቶች አስቀምጧል። ኪሳራ ሲደርስ ሁለቱም እንደየድርሻቸው ይሸከማሉ። የጥገናና የኢንሹራንስ ወጪ በአንዱ ላይ ብቻ አይጫንም። ድርሻው የሚሸጠውም በሚሸጥበት ጊዜ ባለው ዋጋ ወይም ያኔ በሚስማሙበት ዋጋ እንጂ በመጀመሪያው ዋጋ ይሁን ተብሎ አስቀድሞ አይታሰርም።

ስለዚህ ወደ ባንክ የምትሄዱ ወንድሞችና እህቶች ሆይ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ቤቱ ቢቃጠል የማን ኪሳራ ነው? ጣሪያው ሲያፈስ ማን ያድሳል? ድርሻዬ ሲያድግ ኪራዩ ይቀንሳል? መልሱ ሁሉ «አንተ ላይ ነው» ከሆነ ስሙ ዐረብኛ የሆነ አዲስ ሲሶ ነው። መልሱ «እንደየድርሻችን» ከሆነ ግን እውነተኛ ሽርክና ነው፤ አያቶቻችን ለትውልዶች ያላገኙት የባለቤትነት መንገድም ይኸው ነው።

አላህ ከሐላል ያብቃቃን። ወላሁ አዕለም።