ያልጠረጠረ ተመነጠረ፦ የሹም ቃልና የደገኛው ጆሮ

ስለ ሰሜን ሸዋ ደገኛ፣ ስለ መንዝ፣ ስለ ግሼና ስለ መርሐቤቴ ሰው ሲወራ ተደጋግሞ የሚሰማ አንድ ፍርድ አለ። ተጠራጣሪ ነው፣ የሹም ቃል አይዋጥለትም፣ ፊት ለፊት «እሺ» ብሎ ዞር ሲል ሌላ ይላል ይባላል። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን መንዝ ተቀምጦ ካጠና በኋላ በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለ መጽሐፉ ይህን ድርብ አነጋገር የባህሉ ዋና መለያ አድርጎ አቅርቦታል፤ ዘመናዊ አሠራር ግልጽ ቋንቋ ስለሚፈልግም ልማዱ እንቅፋት መሆኑ እንደማይቀር ተከራክሯል። የአገራችንም ሹማምንት ከዘመን ዘመን ይህንኑ በሌላ አነጋገር ሲሉት ኖረዋል፤ ሕዝቡ አልነቃም፣ አልገባውም፣ አሉባልታ ይወዳል እያሉ። እኔ የምለው ሌላ ነው። ደገኛው የመሪን ቃል የሚጠረጥረው ጠባዩ ክፉ ሆኖ ወይም እውቀት ጎድሎት አይደለም። ጥርጣሬው በየትውልዱ የተነገረውን ከተደረገው ጋር እያስተያየ የደረሰበት እውቀት ነው። ስለዚህም በንግግር ማሳመር አይድንም።

የድሮው አስተዳደር እውነትን የሚያወጣበት ብርቱ ሥርዓት ነበረው። ከብት ተሰርቆ ወይም ሰው ተገድሎ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ሲቀር፣ አገሬው በአውጫጭኝ ይጠራል፤ አፈርሳታ የሚሉትም አሉ። ቀን ይቆረጣል፣ የአጥቢያው ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ የቀረ ይቀጣል። የመጣው ያየውንና የሰማውን በመሐላ ይናገራል፤ ጥፋተኛው ካልተገኘ ሥራውን ፈትቶ በሌላ ቀን ይመለሳል፤ በመጨረሻም ካልተገኘ ኪሣራውን አገሩ ተካፍሎ ይከፍላል። ለጠፋ ከብት አገር ምድሩን አስቀምጦ የሚያወጣጣው ይህ ሥርዓት ግን ወደ ላይ አይሠራም ነበር። ግብሩ ለምን እንደተጨመረ፣ ዘመቻው ስለ ምን እንደታወጀ፣ ለድርጎ የተሰበሰበው እህል የት እንደገባ ሹሙን ሜዳ ላይ አስቀምጦ የሚያስምል ጉባኤ አልነበረም። እርግጥ በደል የደረሰበት ሰው እስከ ንጉሥ ችሎት ይግባኝ ማለት ይችል ነበር፤ ደገኛውም ሙግት የሚያውቅ ሰው ነው። ይግባኙ ግን የአንድን ሰው በደል ይሰማል እንጂ የመንግሥትን ቃል አይመረምርም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የተባለው ለዚህ ነው። ጥያቄ ከላይ ወደ ታች ብቻ ሲወርድ፣ ከታች የሚወጣው መልስ ሌላ መልክ መያዝ ነበረበት፤ ግጥም፣ ቅኔ፣ ተረትና ሽሙጥ ሆነ።

ብልሆቹ ገዥዎች ይህን ያውቁ ነበር። «እረኛ ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ የቤተ መንግሥት ልማድ ሆኖ በአፈ ታሪክ የኖረው፣ ግብር ላይ የሚሰማው ሁሉ ውዳሴ መሆኑ ስለሚታወቅ ነው። በደጋው ብርድ በርኖሱን ደርቦ ከበጎቹ ጋር የሚውል ልጅ ሹመት አይጠብቅም፤ ያንጎራጎረውንም ማን እንደጀመረው አይታወቅም። የሚቀጣ ባለቤት የሌለው፣ የሚሸለምም ባለቤት የሌለው ቃል ስለሆነ ታማኝ ነበር። አዝማሪው በሠርጉ፣ አልቃሿ በለቅሶው የሚያደርሱት ወቀሳም ከዚሁ ወገን ነው። አዝማሪ እኮ ለጉርሻ ሲል የሚያሞግስ ነው፣ እንዴት ምስክር ይሆናል የሚል ቢኖር እውነት አለው። ይሁን እንጂ አድማጩ ውዳሴና ወቀሳን ከአንድ አፍ እየሰማ መለየትን የተማረው ከዚያው ነው። አንድን ስንኝ ሁለት ጊዜ የሚሰማ ጆሮ አዋጅንም ሁለት ጊዜ ይሰማል፤ ምን ተባለ፣ ምን ሳይባል ቀረ፣ ማንን ለመጥቀም ተባለ ብሎ ይጠይቃል። ሌቪን እንቅፋት ያለው ልማድ በዚህ በኩል ሲታይ የምርመራ ልማድ ነው።

ይህ ጆሮ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የ1900ዎቹ ዓመታት አሳይተዋል። የሸዋ ነገሥታት ቤት መነሻው ይኸው ደጋ ነው፤ ነጋሲ ክርስቶስ በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የተነሣው ከመንዝ ነው። የዚያው ቤት ልጅ ዳግማዊ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲሞቱ ግን ሞታቸው አልታወጀም፣ ለንጉሥ የሚገባው ልቅሶም በወቅቱ አልተለቀሰም። አገሩ በሹክሹክታ ያወቀውን መንግሥት በዝምታ ሸፈነው። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሻቸው ልጅ ኢያሱ ከሃይማኖት ወጥተዋል ተብሎ መሻራቸው ተነገረ። ማስረጃ ተብለው ከተሰራጩት መካከል ጥምጥም አድርገው የሚታዩባቸው ፎቶግራፎች ነበሩ፤ ፎቶግራፎቹ የተቀነባበሩ ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለው ዛሬም ያከራክራል። የሰሜን ሸዋ ገበሬ ግን ክርክሩ እስኪለይለት መጠበቅ አልቻለም። የልጅ ኢያሱ አባት የንጉሥ ሚካኤል ጦር ከወሎ ገሥግሦ ጥቅምት 9 ቀን ቶራ መስክ ላይ የሸዋውን የራስ ልዑልሰገድን ሠራዊት ፈጀ፤ ከስምንት ቀን በኋላ ደግሞ ሰገሌ ላይ ራሱ ድል ሆነ። ወሬውን ያሰናዱት በከተማ ነበሩ፤ የሞተው፣ ጎተራው የተራቆተውና ከብቱ የታረደው ግን በመንገዱ ላይ ያለው ሰው ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው «ይህን የሚለኝ ማን ነው፣ ለምን አሁን አለኝ?» ብሎ መጠየቅ የነፍስ ጉዳይ ነው።

ከሁሉ የከፋው ትምህርት የመጣው በጠላት፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ሙሶሊኒ ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢምፓየር መመሥረቱን አውጆ ጦርነቱ ያለቀ አስመሰለ። በቀጣዩ ዓመት፣ ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም.፣ ከመርሐቤቴ ጀማን ተሻግሮ ባለው ሰላሌ፣ የራስ ካሣ ልጆች አበራና አስፋወሰን ምሕረት ታገኛላችሁ ተብለው እጃቸውን ሲሰጡ ፍቼ ላይ ተገደሉ። ከዚያ በኋላ የምሕረት ቃል ምን እንደሚያወጣ ደጋው ተረዳ። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የአበበ አረጋይ አርበኞች ጓዝ፣ ሽማግሌው፣ ሴቱ፣ ሕፃኑና ቁስለኛው በመንዝ ዘረት ዋሻ ተጠልሎ ሳለ የጣሊያን ጦር ከበበው። የመርዝ ጋዙ ከአፋፉ ወደ ዋሻው ወረደ፤ ከጭሱ ሸሽተው ወጥተው እጃቸውን የሰጡ ወንዶች በገደሉ አጠገብ ተረሸኑ፤ ያለቀው ሕዝብ በመቶዎች የሚቆጠር ነው። በሮማ የመንግሥት ቋንቋ እንዲህ ያለው ሥራ የቅኝ ግዛት ፖሊስ ዘመቻ ይባል ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ የመርዝ ጋዝ መጠቀሟን ኢጣሊያ በይፋ ያመነችው በ1996 እ.ኤ.አ. በመከላከያ ሚኒስትሯ አንደበት ነው። በጦርነቱ የዘመተው ስመ ጥሩው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ እንኳ እስከዚያ ዓመት ድረስ ሲክድ ኖሮ ሰነዱ ሲወጣ ነው የተረታው። ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ ኢጣሊያዊ የታሪክ ተመራማሪ የዘረትን ሰነድ ይዞ ዋሻው ድረስ የደረሰው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። የአገሬው ሰው ግን ቦታውን አመፀኛ ዋሻ ብሎ እየጠራ፣ አጥንቱ ያለበትን እያወቀ ኖሯል። በዚህ ጉዳይ አሉባልታ የነበረው የመንግሥት መግለጫ ነው፤ እውነቱ የነበረው በገበሬው አፍ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። አርበኞቹስ አላታለሉም ወይ? አበበ አረጋይ በ1932 ዓ.ም. ከጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ ጋር የመግባት ድርድር ጀምረው ጊዜ ከገዙ በኋላ አልገቡም። ይህን ደጋው ከብልሃት ይቆጥረዋል፤ ታዲያ መሪ ሲያታልል የሚመሰገንበትና የሚወቀስበት ወሰን የት ነው? ወሰኑ ግልጽ ይመስለኛል። ያ ቃል የተነገረው ለጠላት ነው፤ አርበኛው መሪውን ያምን የነበረው አብሮት ዋሻ ስለሚያድር፣ አብሮት ስለሚራብ ነው። መሪው የሚለውንና የሚያደርገውን በየቀኑ በዓይኑ ያያል። ችግሩ የሚመጣው ለጠላት የተፈቀደው ዘዴ ከድል በኋላ በገዛ ሕዝብ ላይ ሲውል ነው።

እንዲህ መዋሉንም አየን። በወሎ የደረሰው ረሃብ ተሸሽጎ ቆይቶ ለዓለም የታየው የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ባቀረበው ፊልም ነው። ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥቱ ድሎት ጋር አያይዞ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱን ኃይለ ሥላሴን አወረደ። ክሱ እውነት ነበር፤ ረሃብን መሸሸግ ወንጀል ነው። ይሁን እንጂ ከሳሹ ልክ በዐሥር ዓመቱ፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም.፣ የአብዮቱን በዓልና የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲን (ኢሠፓ) ምሥረታ በታላቅ ድግስ ሲያከብር፣ ትግራይ፣ ወሎና ሰሜን ሸዋ እንደገና ይራቡ ነበር። ከዚያም ሰፈራ መጣ። ከእነዚሁ አገሮች ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተወሰደ፤ በመግለጫው ሁሉም በፈቃዱ የሄደ ነው፤ እህል ይሰጣል ተብሎ ተጠርቶ በመኪና የተጫነው ግን ሌላ ያውቃል። መንዝና ግሼ አውራጃ ለተቀመጠ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚተርፈው ትምህርት አንድ ነው፤ የቀድሞውን ውሸት ያጋለጠ ሁሉ እውነተኛ አይደለም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት በእንዲህ ያለ ዘመን ምክር ነው።

ጥርጣሬ ዋጋ የለውም አልልም። ሁሉን የሚጠረጥር ሰው የሚጠቅመውንም ይገፋል፤ ክትባቱም፣ ቆጠራውም፣ የአፈር ጥበቃው ሥራም ተንኮል ይመስለዋል። ሕዝብም ይሳሳታል፤ በ1909 ዓ.ም. የተነዛውን ወሬ ተቀብሎ ያስተላለፈው እሱ ራሱ ነው። ሆኖም ወሬ የሚገንነው ማረጋገጫ በታጣበት ቦታ ነው። ምኒልክ ሞቱ ወይስ አሉ የሚለው ሐሜት የተራባው ቤተ መንግሥቱ ዝም ስላለ ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭቱ ሲከፋ ኢንተርኔት ሲዘጋም የሆነው ይኸው ነው፤ የሚጠየቅ ሰው ሲጠፋ ከየአቅጣጫው የመጣው ወሬ ሁሉ እኩል ክብደት አገኘ። መረጃን የዘጋ መንግሥት ሕዝብን በአሉባልታ የመውቀስ መብት የለውም።

ደገኛው በተፈጥሮው ማንንም የማያምን ቢሆን ኖሮ የጓሳ ታሪክ ባልኖረ ነበር። በመንዝ አናት ላይ ያለው፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋው የጓሳ ሣር ምድር ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በቀሮ ሥርዓት ተጠብቆ ኖሮ ነበር። የአስቦና የጌራ ተወላጆች አባ ቄራና አፈሮ የሚባሉ አለቆችን በስምምነት ይመርጡ ነበር። አለቆቹ መሬቱን ይዘጋሉ፤ አንዳንዴ ሦስት፣ አንዳንዴ አምስት ዓመት ድረስ ከብት አይገባበትም፣ ሣር አይታጨድበትም። ቤቱ ክዳን የሚሻ፣ ገመድ የሚገምድበት ያጣ፣ ከብቱ በድርቅ የከሳ ሰው ሣሩን አሻግሮ እያየ ይታገሣል። የሚከፈትበት ቀን በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ይነገር ነበር፤ በዚያ ቀን ማጭድ የያዘ ባለ መብት ሁሉ አብሮ ይገባል። ይህን ያህል ትዕግሥት የሚጠይቅ ትእዛዝ የተከበረበት ምክንያት አይሰወርም። አለቃውን የመረጠው ታዛዡ ነው፤ የተዘጋው ለአለቃውም በሬ ነው፤ የተባለው ቀን መድረሱንና ሣሩ ማደጉን ማንም ሄዶ ማየት ይችል ነበር። ሥርዓቱን ያፈረሰው የገበሬው ጥርጣሬ አይደለም፤ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ነው። ቀሮ ፍጹም ነበር አልልም፤ ቅጣቱ ከባድ ነበር፣ ባለ መብትነቱም በዘር ሐረግ የተወሰነ ነበር። ያም ሆኖ አንድ ነገር ያረጋግጣል፤ ያው ሕዝብ፣ በዚያው ዘመን፣ አንዱን ቃል ሲጠረጥር ሌላውን ለዓመታት ታምኖለታል። የተለየው ቃሉን ለመመርመር ያለው ዕድል ነው።

ከዚህ የሚከተለው ለዛሬ ሹማምንት የሚከብድ አይደለም፤ ካልፈለጉት በቀር። በመሐል ሜዳ፣ በራቤልም ሆነ በዓለም ከተማ ሕዝብ ተሰብስቦ የሚነገረው ቃል የሚታመነው፣ ከቃሉ ጋር መመርመሪያው አብሮ ሲሰጥ ነው። ማዳበሪያ ስንት ኩንታል ገባ፣ በስንት ዋጋ፣ ለማን ተከፋፈለ፤ መንገዱ መቼ ያልቃል፣ ገንዘቡ ስንት ነው፣ ካላለቀ ማን ይጠየቃል? መልሱ በቀበሌው ደጃፍ ተጽፎ ይለጠፍ፤ ሹሙም እንደ ድሮው አውጫጭኝ በሕዝብ ፊት ቆሞ ይማል፣ ይጠየቅ፤ የጠየቀው ሰው ደግሞ በሰላም ወደ ቤቱ ይግባ። ያን ጊዜ ደገኛው መጠርጠሩን አይተውም፣ መተውም የለበትም፤ ጥርጣሬው ግን በሽሙጥና በሹክሹክታ ተደብቆ ከመኖር ወጥቶ በአደባባይ የሚመልሱለት ጥያቄ ይሆናል። መሪን የሚያስከብረውም፣ አገርን የሚጠብቀውም እንዲህ ያለው ጥያቄ ነው።