ግቢ ውስጥ እንደር ወይስ ከግቢ ውጭ? (ስለ እንግዳ ማደሪያ ታሪካችን)

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡና ካለ አስቀርባችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የድሮ ተማሪዬ በሜሴንጀር ጻፈችልኝ። አሥረኛ ክፍል ሳስተምራት ከኋላ ወንበር ተቀምጣ የምታንጎላጅ ልጅ ነበረች። አሁን አዲስ አበባ ትዳር መሥርታ የሁለት ልጆች እናት ሆናለች። «ቲቸር፣ ልጆቹን ቢሾፍቱ፣ ኩሪፍቱ የውሃ መዝናኛ ልወስዳቸው ቃል ገብቻለሁ። ባለቤቴ መሄዳችን ካልቀረ እዚያው ሪዞርቱ ውስጥ እንደር ይላል። እኔ ደግሞ ከተማው ውስጥ ጥሩ ጥሩ ፔንሲዮን አለ ተብያለሁ። ግቢ ውስጥ ካደርን የእቁቤ ብር ለአንድ ሌሊት ብቻ ነው የሚበቃው፣ እማዬም ትቀራለች። ውጭ ካደርን ሁለት ሌሊት እናድራለን፣ እማዬም ትመጣለች። እርስዎ ምን ይላሉ?» ትላለች።

መጀመሪያ ሳቅሁ። እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፣ ያውም በዲፕሎማ። ስለ አልጋ ምን አገባኝ? ግን ማታ ደብተር እያረምሁ ነገሩ አልለቅ አለኝ። እንግዳ የት ይደር? ሊያይ ከመጣው ነገር አጠገብ ነው ወይስ ራቅ ብሎ? የማደሪያውን ወጪስ ማን ይሸከም? ይሄ እኮ የአገራችን የቆየ ጥያቄ ነው።

ከጎንደር እንጀምር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር የገባው በፈረንጆች የካቲት 1770 ነው። የዚያን ጊዜ «መስህቡ» የነገሥታቱ ግቢ ነበር፣ ዛሬ ፋሲል ግቢ የምንለው። ብሩስ ግን ሲደርስ ግቢው ውስጥ አላደረም። ንጉሡና ራስ ሚካኤል ዘመቻ ላይ ስለነበሩ መጀመሪያ ያረፈው በሙስሊሞቹ ሰፈር ነው። ይሄ ሰፈር ራሱ ታሪክ አለው። በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን፣ በፈረንጆች 1668፣ ጉባኤ ተቀምጦ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው ይኑሩ ተብሎ ተወስኖ ነበር። ከሩቅ የሚመጣው ነጋዴ ግን አብዛኛው ሙስሊም ነው፣ የውጭ ቋንቋ የሚሰማውም የውጭ ወሬ የሚያውቀውም እሱ ነው። ስለዚህ ለመለየት የተሠራው ሰፈር የእንግዳ መቀበያ ሆነ። ታሪክ እንዲህ ሲቀልድ ደስ ይለኛል።

ከዚያ እቴጌ ምንትዋብ ብሩስን ቁስቋም አስጠሩት። ልጆች ፈንጣጣ ታመው ነበርና ባለመድኃኒት ተፈልጎ ነው። ቁስቋም ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ተራራው ሥር ያለ የእቴጌይቱ የራሳቸው ግቢ ነው። ጎንደር የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ አየሩ ንፁህ ነው፣ ከተማው ከታች ይታያል፣ ጫጫታው አይደርስም። ብሩስ ከጎንደር ጉድ ብዙውን ያየው፣ ሽኩቻውንም የሰማው፣ ማታ ማታ ከግርግሩ ውጭ እያደረ ነው። ተማሪዬ ሆይ፣ ያንቺ ጉዳይ በአጭሩ ይሄ ነው።

ለነገሩ በጥምቀት ታቦቱም ከመንበሩ ወጥቶ ነው የሚያድረው። የከተራ ዕለት፣ ጥር 10፣ ወርዶ ውሃው ዳር ድንኳን ውስጥ ያድራል፣ ሕዝቡም አብሮ ያድራል። ካህናት ወዳጆቼ እንዳትቆጡኝ፣ ለማለት የፈለግሁት ለትልቅ በዓል ከቤት ወጥቶ ማደር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም ነው።

ሰፊው ሕዝብስ የት ያድር ነበር? እኛ አገር ሆቴል ሳይኖር መንገደኛ ነበረ። መሽቶበት አንድ መንደር ሲደርስ ከአጥር ውጭ ቆሞ «ቤቶች! የመሸበት እንግዳ አሳድሩ» ይላል። «ቤት የእግዜር ነው» ይባላል፣ እግሩ ይታጠባል፣ ያለው ይቀርባል። አያቴ ይሄን ስትነግረኝ ፊቷ ይበራ ነበር። እኔም ለተማሪዎቼ ስነግር ድምፄ ይለወጣል፣ አልዋሽም።

ግን ግማሹን ብቻ አንናገር። የእግዜር እንግዳ ነበረ፣ የመንግሥት እንግዳም ነበረ። የቤተ መንግሥት ሰው ወይም በንጉሡ ፈቃድ የሚጓዝ የውጭ ሰው ሲያልፍ ገበሬው ደርጎ እንዲያቀርብ ይታዘዛል፣ እንጀራውን፣ ማሩን፣ በጉን። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ተሰሪ ነው። ወታደር ገበሬ ቤት ይመደባል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይተኛል፤ ባለቤቱ በገዛ ቤቱ ጥግ ይይዛል። አፄ ምኒልክ በፈረንጆች 1892 አሥራት የደነገጉት ገበሬውን ከዚህ ሸክም ለመገላገል ነው። ገበሬው ከምርቱ አሥረኛውን ይስጥ፣ ወታደሩ ከቤቱ ይውጣለት ነው ነገሩ። በአንድ ጀምበር አልቀረም እንጂ ሐሳቡ ትልቅ ነበር። ስለዚህ «ድሮ ማደሪያ በነፃ ነበር» ስንል ማን ከፍሎት ነው ብለን መጠየቅ አለብን።

በገንዘብ ማደርን ያስለመዱን እቴጌ ጣይቱ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ በስማቸው የሚጠራው ሆቴል በ1898 ዓ.ም. ሲሠራ ከፍሎ መብላት፣ ከፍሎ ማደር ለመኳንንቱ ነውር ነበር። እንግዳ ያስከፍላል እንዴ! መጀመሪያ ላይ የሚገባ ሰው ጠፍቶ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው ገብተው በልተው ከፈሉ እየተባለ ይተረካል። ተረኩ እውነት ይሁን አይሁን ነውሩ ግን እውነት ነበር። ዛሬም እናቶቻችን ጋ አለ። እናቴ ጎንደር ዘመድ እያለ አልጋ ተከራየሁ ብላት ለሳምንት አታናግረኝም።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ባሕር ዳር በጊዮርጊስ ዙሪያ ያለች ትንሽ መንደር ነበረች፤ ከተማ መሆን የጀመረችው በጣልያን ወረራ ጊዜ ነው። ከዚያ በ1950ዎቹ ጨርቃ ጨርቁ፣ ፖሊ ቴክኒኩ፣ የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ተከታትለው መጡ። በዚያው ዘመን አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የአገሪቱን የቱሪዝም ድርጅት አቋቋሙ። «የ13 ወር ፀጋ» የሚለው መፈክር የሳቸው ነው። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላና አክሱም በአንድ መስመር ተገጥመው ለዓለም የተሸጡትም ያኔ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። መንግሥት በዚህ መስመር ላይ የነበሩትን ሆቴሎች የት አስቀመጣቸው? ጎሃ ከጎንደር በላይ ኮረብታ ላይ። የሐ ከአክሱም በላይ ኮረብታ ላይ። ሮሃ ከላሊበላ ጠርዝ። ጣና ሆቴል ከባሕር ዳር መሃል ራቅ ብሎ ሐይቁ ዳር። ከመሃል የቀረው ግዮን ነው ማለት ይቻላል፤ እሱም ሐይቁን ይዞ ከትልልቅ ዛፎቹ ጋር። እይታቸው አያጠያይቅም። ከጎሃ በረንዳ ጎንደርን ያየ ያውቃል። ግን እንግዳው ከአውሮፕላን በመኪና ሆቴል፣ ከሆቴል በመኪና ቤተ መንግሥት፣ ተመልሶ ሆቴል። ታች ከተማው ውስጥ ጠጅ የምትጥለው፣ እንጀራ የምትጋግረው ሴትዮ እንግዳውን የምታየው በመስኮት ሲያልፍ ነው። ያኔም ሳያስቡት ይሁን አስበውበት «ግቢ ውስጥ ማደር» ፈጠሩ። ይሄ የኔ አስተያየት ነው፣ መከራከር ይቻላል።

በሌላ በኩል ደግሞ ቁንዝላ አለች። ከባሕር ዳር ጎርጎራ የምትሄደው መርከብ በአንድ ቀን አትደርስም ነበር፤ ዘጌን አልፋ ቁንዝላ ላይ ታድርና በማግስቱ ትቀጥላለች። ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር አንድ ጊዜ ሄጃለሁ። ቁንዝላን ሊጎበኝ የመጣ አልነበረም። ግን መርከቧ ስላደረች ብቻ ስንት ቤት አልጋ አነጠፈ፣ ስንት ቤት ወጥ ሠራ! እኛ ያደርንባት ክፍል ግድግዳዋ ጭቃ፣ በሯ ቆርቆሮ ነበር። ዓሣው ግን እስካሁን አፌ ላይ አለ።

ጣና ላይ ለቤተሰብ ሌላም ጉዳይ አለ። ክብራን ገብርኤል ሴት አትገባም፣ ዳጋ እስጢፋኖስም እንደዚያው። ክብራን አጠገብ ያለችው እንጦስ ኢየሱስ ግን ሴት ትገባለች። ስለዚህ ቤተሰብ ይዞ የሚመጣ ሰው ጀልባ ከመያዙ በፊት ማን የት ይወርዳል፣ ማን የት ይጠብቃል ብሎ መማከር አለበት። ሁሉንም አንድ ላይ ይዞ ለመግባት ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ይሻላል። ባሕር ዳር አድሮ በጠዋት ጀልባ መያዝ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሐይቁን ያናውጠዋል፣ ልጅ ይረበሻል። ጢስ ዓባይም እንደዚሁ ነው፤ 30 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ማደሪያው ባሕር ዳር ነው። ፏፏቴው በፎቶ እንዳያችሁት የሚሆነው ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። በበጋ ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚሄድ «ቲቸር፣ ፏፏቴው የታለ?» የሚል ተማሪ ገጥሞኛል።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ባለቤቴንና ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ለጥምቀት ጎንደር ሄድሁ። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ አልጋ ማግኘት እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። እኔ ጎበዝ ነኝ ብዬ ከወር በፊት በስልክ አንድ ፔንሲዮን ይዤ ግማሹን ከፍያለሁ፤ የመረጥሁትም ለፋሲል መዋኛ ቅርብ ነው ብዬ ነው። ስንደርስ አልጋው ለሌላ ተሰጥቷል። የበለጠ የከፈለ መጥቶ ነዋ። ስሙን አልጠራም፣ ደረሰኝም አልተቀበልሁም፣ ጥፋቱ ግማሹ የኔ ነው። ልጆቹ ተኝተው ትከሻችን ላይ ናቸው፣ ከተማው በሰው ተሞልቷል። በመጨረሻ አንድ የባጃጅ ሹፌር አዘዞ የምታከራይ ሴትዮ አውቃለሁ አለን። 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ኋላ! ባለቤቴ ምንም አልተናገረችም፣ ያ ዝምታ ከስድብ ይከብዳል።

ሴትዮዋ የራሳቸውን መኝታ ቤት ለቀቁልን። ገንዘብ ተቀበሉ፣ በደንብ ተቀበሉ፣ ግን እግራችንን የምናጥብበት ውሃም አሙቀው ጠበቁን። በከተራ ለሊት ጎንደር መሃል ያደሩ ጓደኞቼ በጭብጨባና በከበሮ ዓይናቸውን አልከደኑም፤ ልጅ ለሌለው ሰው ያ ራሱ በዓል ነው። የኔዎቹ ግን ጠግበው ተኝተው በ11 ሰዓት ተነሥተው ጥምቀተ ባሕሩን አዩ። ጉዳቱንም ልናገር፤ በዓል ነውና የባጃጅ ዋጋ ሦስት እጥፍ ሆኖ ነበር። በአልጋ ያተረፍሁትን በመንገድ መልሼዋለሁ።

ለተማሪዬ የጻፍሁላት እንግዲህ ይሄን ሁሉ አይደለም፣ ትሸሽ ነበር። እንዲህ ነው ያልኋት። መጀመሪያ ደውዪና መዝናኛው አልጋ ላልያዘ ሰው የቀን መግቢያ በዚያ ቀን ይሸጣል ወይ፣ ለምሳ ወጥቶ መመለስ ይቻላል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ካልተቻለ ሒሳብሽ ይለወጣል። ፔንሲዮኑን ስትይዢ «ቅርብ ነው» ሲሉሽ በእግር ነው በባጃጅ በዪ፣ ማታ ሙዚቃ ቤት ከጎኑ አለ ወይ፣ ሙቅ ውሃ በእርግጥ ይመጣል ወይ፣ ለእማማ ምድር ቤት ክፍል ይኖራል ወይ በዪ። ቀብድ ከላክሽ ደረሰኝ ተቀበዪ፣ በእኔ ይብቃ። ኢሬቻ የሚከበርበት ሰሞን አትሂዱ፤ ሆራ አርሰዲ የሚመጣው ሕዝብ ብዛት ከተማውን ይሞላዋል፣ እንግዳ ሆኖ ማየት ከፈለጋችሁ ሌላ ጉዳይ ነው። እንዲያውም ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ፈጣኑ መንገድም አለ። ቤታችሁ አድራችሁ ሁለት ጊዜ መመላለስም «ከግቢ ውጭ ማደር» ነው። ግን ልጅ ከውሃ ወጥቶ መኪና ውስጥ ሲነጫነጭ አስቢው።

ባልሽም አልተሳሳተም ብያታለሁ። ግቢ ውስጥ ማደር ዋጋ አለው። ልጅ ሲደክመው አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አልጋ ላይ ነው፣ ማታ መንገድ የለም፣ ሐሳብ የለም። ገንዘቡ ቢተርፍ እኔም አደርበታለሁ። የኔ ምርጫ ግን እማማ የሚመጡበት ነው። ጎንደርንም፣ ቁንዝላንም፣ አዘዞንም አስቤ ነው እንዲህ የምለው፤ የፔንሲዮኗ ባለቤት፣ ጠዋት ፍርፍር የምትሠራው ልጅ፣ ባጃጁ፣ ሁሉም ከእቁብሽ ይደርሳቸዋል።

የኛ ከተማ ነገር ሲነሳ ግን ልቤ ይሰበራል። ከኮሮና ወዲህ፣ ከዚያም በጦርነቱና በክልላችን ባለው ችግር፣ ሐይቁ ዳር እንግዳ የለመዱ ጀልባዎች ታስረው ሲውሉ አይቻለሁ። ከዚህ በፊት ስለ አልጋ ዋጋ የሚጠይቁኝ ወዳጆች አሁን የሚጠይቁኝ «መንገዱ እንዴት ነው?» ብለው ነው። የጀልባ ሥራ የለመዱ ስንት ተማሪዎቼ ሙያ ቀይረዋል። ጎርጎራ ላይ በገበታ ለሀገር የተሠራው ሪዞርት ደስ ይላል፤ እኔ የምጠብቀው ደግሞ ጎርጎራ ከተማ ውስጥ፣ ቁንዝላ ውስጥ፣ ዘጌ ውስጥ ትንንሾቹ ማደሪያዎች መልሰው አንሶላ የሚያጥቡበትን ቀን ነው።

ተማሪዬ ትናንት መለሰችልኝ። «ቲቸር፣ እማዬ ዋና ልብስ አልለብስም፣ ነጠላዬን ለብሼ ከዳር ቁጭ እላለሁ ብላለች። ፔንሲዮኑን ይዘናል፣ ደረሰኝም ተቀብያለሁ» ብላ የደረሰኙን ፎቶ ላከችልኝ።