ውርጭ
ቃሉ ሁለት ፍቺ አለው። አንዱ ሌሊት ወርዶ ሰብል የሚያቃጥለው ብርድ ነው። ሌላው ከቆላ፣ ከወይና ደጋና ከደጋ በላይ ያለው ከፍታ ስም ነው። 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የምንኖር የሐዋሳ ሰዎች ይህን ውርጭ ለማየት ወደ ባሌ እንወጣለን፤ 4,000 ሜትር ላይ ወደተንጣለለው የሰነቴ አምባ። እዚያ ጅብራ የተባለ ተክል ይበቅላል። ብዙ ዓመት ቆይቶ አንዴ ብቻ ያብባል፣ ዘሩን ሰጥቶም ይሞታል። አበባውን የሚቀስሙ ወፎች ብናኙን ከአንዱ ወደ ሌላው ያደርሱለታል።

አየሩ ሲሞቅ የታችኛው ዕፅ ሽቅብ ይሸሻል። ጅብራ ግን ከባሌው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ፣ ከ4,377 ሜትር በላይ፣ ወዴት ይሂድ? በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በ2080 እ.ኤ.አ. ከተስማሚ መሬቱ 3.4 በመቶው ብቻ ሊቀረው እንደሚችል ተንብዮአል። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ከጅብራው ጋር የወፎቹም ቀለብ መመናመኑ ነው።